ሲሞቅ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የዘይት ጌጁም ይወድቃል፤ ሞተር ይውረድ ወይስ ሌላ ነገር አለ?

አሮጌ ፒክአፕ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጽሑፌ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። ሁለት መካኒክ ጠይቄ ሁለት የማይገናኝ መልስ ተሰጥቶኝ ማንን እንደምሰማ ግራ ገብቶኛል።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1989 ሥሪት ሃይሉክስ ፒክአፕ ናት። ሞተሯ 2.4 ሊትር ቤንዚን ነው፣ ያ 22አር የሚሉት፣ ባለ ካርቡራተሩ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ከቆመ ዓመታት ስለሆነው ስንት እንደሄደች እኔም አላውቅ፣ እሷም አትናገር። እስከ ዛሬ ግን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም።

ከሁለት ወር ወዲህ ግን አንድ አመል አመጣች። ጠዋት ስትነሳ ጸጥ ነው። 15 ወይም 20 ደቂቃ ነድቼ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳልሰጣት) ስትቆም ከላይ በኩል ጠቅ ጠቅ ጠቅ ማለት ትጀምራለች፣ ልክ እንደ ልብስ ስፌት ማሽን። ነዳጅ ስሰጣት ድምፁም አብሮ ይፈጥናል። የዘይት ጌጁ ጠዋት ከግማሽ በላይ ያሳያል። ሲሞቅና ሚኒሞ ላይ ሲሆን ግን መርፌው ወርዶ ታች ይተኛል። ስነዳ ወደ ሲሶ አካባቢ ይመለሳል።

የመጀመሪያው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳይሰማ «ብሮንዚና አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ፣ የሞተሩ ዘንግ የሚያርፍበት ስስ ቅርፊት ስላለቀ ሞተሩ ወጥቶ ይፈታ ማለቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ይሄ የቫልቭ ድምፅ ነው፣ ወፍራም ዘይት አድርግባትና ንዳ» አለኝ። የሁለተኛው ስለጣመኝ ከአምስት ሳምንት በፊት 20/50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት አስቀየርኩ። አንድ ሳምንት ያህል ደህና ሆነች፣ ከዚያ እንደገና ያው። እንዲያውም ባሰባት።

ዘይት አይጎድልም፣ አይፈስም፣ ሰማያዊ ጭስም የለም። እንዲያውም መለኪያው ላይ ከላይኛው መስመር አልፏል፣ የቀየረልኝ ልጅ አብዝቶ ሞልቶት ነው መሰለኝ። ቤንዚን ትንሽ መብላት ጀምራለች፣ ግን በዚህ ዕድሜዋ ምን ልበላት።

ሞተር ማስወረድ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ያየ የሰማ ካለ ቢነግረኝ።


የማታ ሾፌር፦

ወንድሜ አትጨነቅ። አሮጌ ሞተር ሁሉ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ የእርጅና ሳል በለው። የእኔም እንዲሁ ስትል ያን ዘይት የሚያወፍር ፈሳሽ ጨመርኩባትና ሁለት ዓመት ነዳኋት፣ እስካሁን አለች። ጌጁን አትየው፣ ሰላም ታገኛለህ።


ካንዴላ፦

ይሄ የታወቀ የሃይድሮሊክ ታፔት ችግር ነው፣ ያ በዘይት ግፊት የቫልቩን ክፍተት ራሱ የሚሞላው። ታፔቱ ውስጥ ቆሻሻ ሲገባ ዘይት መያዝ ያቅተዋል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል። የሞተር ማጠቢያ ፈሳሽ ጨምረህ 10 ደቂቃ አስነሳና ዘይቱን ቀይር። የእኔ በዚያ ዳነ።


ጋሽ መፍቻ፦

ካንዴላ፣ አንተ የያዝከው ሌላ ሞተር መሆን አለበት። 22አር ሃይድሮሊክ ታፔት የለውም። ቫልቩን የሚገፋው ሮከር አርም ነው፣ ክፍተቱም በብሎንና በዳዶ በእጅ ነው የሚስተካከለው። ስለዚህ የሚታጠብ ታፔት የለም። እንዲያውም አሮጌ ሞተር ውስጥ ማጠቢያ መጨመር ለስንት ዓመት ግድግዳ ላይ ተጣብቆ የኖረውን ጥቀርሻ አላቆ ታች ያለውን የዘይት ወንፊት ሊደፍነው ይችላል። ግፊቱ አንሶበት የመጣ ሰው ላይ ይሄ ይጨመርበት?

የማታ ሾፌር፣ አንተንም አልተውህም። ጌጁን አትየው ማለት ትኩሳት ያለበትን ሰው ቴርሞሜትሩን ጣለው እንደማለት ነው።

አሮጌ ፒክአፕ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። የዘይት ፖምፓው የሚሰጠው ግፊት አይደለም፣ ዘይት ነው። በዙሩ ልክ የተወሰነ ዘይት ይገፋል። ግፊቱ የሚፈጠረው ያ ዘይት በብሮንዚናና በክራንክ ሻፍት (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) መካከል ባለው፣ የፀጉር ውፍረት በማይሞላው ክፍተት ተጨናንቆ ሲያልፍ ነው። ክፍተቱ ሲሰፋ ዘይቱ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ግፊት ይወድቃል። ክፍተቱ ደህና ሆኖ ዘይቱ ከቀጠነም ያው ነው። ፖምፓው ቢያረጅ፣ ወንፊቱ ቢደፈን፣ ትርፍ ግፊት የሚለቀው ቫልቭ ተከፍቶ ቢቀርም እንዲሁ። ጌጁን የሚነግረው ሴንሰር ቢዋሽ ደግሞ ግፊቱ ሳይወርድ የወረደ ይመስልሃል። ይሄን ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ሰምቶ የለየ መካኒክ እኔ አላየሁም።

ስለዚህ መጀመሪያ ይለካ። የዘይት ሴንሰሩን ፍታና በቦታው ሜካኒካል ጌጅ አስገባ፣ ያ ቀጭን ቱቦ ያለው፣ ዘይቱን ራሱን የሚለካው። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። የዚህ መኪና ሴንሰር ጥርስ 1/8 የእንግሊዝ ቴፐር ነው፣ በአንድ ኢንች 28 ጥርስ። የአሜሪካኑ 1/8 በ27 ጥርስ ነው። ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ሁለት ሦስት ዙር ገብቶም ይይዛል፣ ከዚያ ግን ሞተሩ ላይ ያለውን ጥርስ ይበላዋል። ትክክለኛውን አፍ ይዘህ ግባ። ሞተሩን በደንብ አሙቅ፣ የሙቀት ጌጁ መሃል ከደረሰ በኋላም አንድ 10 ደቂቃ ጨምር። ከዚያ ሚኒሞ ላይ አንብብ፣ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ አንብብ። ፋብሪካው ለዚህ ሞተር ሞቆ ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 4.3 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው)፣ 3000 ዙር ላይ ከ36 እስከ 71 ፒኤስአይ ይላል። የሚኒሞው ቁጥር ትንሽ ነው፣ አትደንግጥ፣ ዋናው ፈራጅ የ3000ው ነው።

ድምፁን ደግሞ ለየው። ረጅም ካቻቪቴ ውሰድ፣ ጫፉን ሞተሩ ላይ እጀታውን ጆሮህ ሥር አድርግ፣ ከቺንጋውና ከፋኑ ራቅ። እጅጌህ ሰፊ ከሆነ ሰብስበው። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ ከጎላ የላይ ችግር ነው። ታች፣ ከጎን በኩል ከጎላ ሌላ ወሬ ነው። የቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንኩ የሚያገናኘው ክንድ) ብሮንዚና ጠቅ ጠቅ አይልም፣ ኳ ኳ ነው የሚለው፣ ወፍራም፣ ከሆድ የሚወጣ። ነዳጅ ሰጥተህ ድንገት ስትለቀው ይብሳል። እርግጠኛ ለመሆን ሚኒሞ ላይ እያለ የካንዴላ ገመዶቹን አንድ በአንድ ንቀል፣ እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ፣ ካልሆነ ትመታሃለች። አንዱን ስትነቅል ኳኳታው ከቀነሰ ወይም ከጠፋ የዚያ ሲሊንደር ቢዬላ ነው። ጠቅታው ምንም ካልመሰለው ግን ከላይ ያለ ነገር ነው። ብዙ አታቆየው፣ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ውስጥ ይገባል።

ጭስ ማውጫውንም አትርሳ። ከማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያው ማሸጊያ) የሚያፈስ ጋዝ ጠስ ጠስ እያለ የቫልቭ ድምፅ መስሎ ስንቱን አሳስቷል። እሱ ግን ብዙ ጊዜ ጠዋት ብርድ ላይ ይጮኻል፣ ብረቱ ሲሞቅና ሲለጠጥ ይቀንሳል። ያንተ ተገላቢጦሽ ስለሆነ ብዙም አልጠረጥረውም። ጥቁር ጥላሸት ካየህ ግን ንገረኝ።


ሁለተኛ እጅ፦

እኔም ይሄን ሞተር ነድቻለሁ፣ እና የካቴናውን ነገር ሳልል ብቀር ይቆጨኛል። ፊት ለፊት ክዳኑ ውስጥ የታይሚንግ ካቴናውን፣ ቫልቮቹን የሚከፍተውን ካምሻፍት የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ የሚይዙ የፕላስቲክ መምሪያዎች አሉ። ከዕድሜ ብዛት ይሰበራሉ። ከዚያ ካቴናው ልቅ ይሆንና የብረት ክዳኑን ይፍቃል፣ ፍቆ ፍቆ ክዳኑ ውስጥ ያለው የውኃ መንገድ ጋ ይደርሳል። የእኔ እንዲያ ሆና ዘይቱ ወተት ሻይ መስሎ ነው ያገኘሁት። ከዚያ በፊት ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ሽክሽክ የሚል ድምፅ ነበራት፣ እኔ ግን ሬዲዮ ከፍ አደርግ ነበር።

የቴስታታውን ክዳን ስትከፍት በባትሪ ብርሃን ወደ ፊት፣ ካቴናው ወደሚወርድበት ጉድጓድ ተመልከት። የጎኑ መምሪያ ቦታው ላይ ከሌለ ታች ዘይት ቋቱ ውስጥ ነው ያለው። ስባሪው የዘይት ወንፊቱንም ሊደፍን ይችላል፣ እና ግፊት መቀነሱም ድምፁም በአንድ ላይ ይገጥማል።


አሮጌ ፒክአፕ፦

ጋሼ መፍቻ እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌሎቻችሁም። ጌጅ ተውሼ ለካሁ። ጥርሱ እንዳሉት ነበር፣ የተዋስኩት ጌጅ አፉ ሌላ ስለነበር ትክክለኛውን እስክፈልግ አንድ ቀን ሙሉ ሄደ።

ቀዝቃዛ ሆና ሚኒሞ ላይ 44 ፒኤስአይ። በደንብ ከሞቀች በኋላ ሚኒሞ ላይ 5። 3000 ዙር ላይ 30።

5 ሲል ልቤ ቀጥ አለ። 30ው ደግሞ ጋሼ ካሉት 36 በታች ነው። ሴንሰሩ አልዋሸም ማለት ነው።

የካንዴላ ገመዶቹን እየነቀልኩ ሞከርኩ፣ ጠቅታው ምንም አልተለወጠም። በካቻቪቴም ሰማሁ። ቴስታታው ላይ በሙሉ ይሰማል ግን ወደ ፊት፣ ወደ ራዲያተሩ በኩል ሲመጡ ይጎላል። የካቴናውን መምሪያ አየሁ፣ ቦታው ላይ ነው፣ ዘይቱም ወተት አይመስልም። ጥላሸት የለም። ታች በኩል ኳ ኳ የሚል ነገር አልሰማሁም። ግን ግፊቱ ካነሰ ያው ብሮንዚናው ነው አይደል? ይውረድ ልበል?


አንባቢ ብቻ፦

ብዙ ጊዜ እዚህ አልጽፍም። ግን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ደግሜ ሳነብ አንድ ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። «ከላይኛው መስመር አልፏል» ብለሃል። የቀየረልህ ልጅ አብዝቶ ከሆነ አምስት ሳምንት ሲነዳ የነበረ አሮጌ ሞተር ትንሽ እንኳ ጎድሎ መገኘት አልነበረበትም? ያኔ እንደተቀየረ አይተኸው ነበር? ከዚያ ወዲህ ጨምሯል ወይስ እዚያው ነው?

ቤንዚን መብላት ጀምራለችም ብለሃል። የት ነው የምታስገባው?

መለኪያውን አውጥተህ አሽትተው።


አሮጌ ፒክአፕ፦

አሁን ከመኪናው አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፈው።

የተቀየረ ቀን ማታ አይቼው ነበር፣ ልክ ከላይኛው መስመር እኩል ነበር። እርግጠኛ ነኝ፣ ምክንያቱም ለልጁ «አሪፍ ሞላኸው» ብዬዋለሁ። አሁን ከመስመሩ በላይ አንድ ጣት ሙሉ አለ። አንድ ጣት!

አሸተትኩት። ቤንዚን ነው። ነጭ ወረቀት ላይም ጠብ አደረግሁት፣ መሃሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ቀርቶ ዙሪያውን ቀጭን ነገር እየሰፋ እየሰፋ ሄደ። በጣቶቼ መሃል ሳሸው 20/50 አይመስልም፣ የስፌት ማሽን ዘይት ነው የሚመስለው። ለካ አምስት ሳምንት ሙሉ መለኪያውን እያወጣሁ ሳየው ከርሜ አንድ ቀን አላሸተትኩትም።


ጋሽ መፍቻ፦

አንባቢ ብቻ፣ እጅህን ስጠኝ። እኔ ያን ዓረፍተ ነገር አንብቤው አልፌዋለሁ። ሰውየው ራሱ መልሱን ጽፎልን ሳለ ስለ ጥርስ ቁጥር ሳወራ።

አሮጌ ፒክአፕ፣ በመጀመሪያ ደረጃ አትንዳት። አታስነሳትም። ቤንዚን የተቀላቀለ ዘይት ሲሞቅ እንፋሎቱ ሞተሩ ውስጥ ይጠራቀማል፣ ያ እንፋሎት ደግሞ እሳት የሚጠብቅ ነገር ነው። ብሮንዚናውም እያንዳንዷን ደቂቃ በቀጠነ ዘይት ላይ እየተፋተገ ነው። «ይቃጠል እንደሆነ ልየው» ብለህ ክብሪት እንዳትጭር ደግሞ፣ እንዲህ ያደረገ ሰው አውቃለሁ፣ ቅንድቡ ለመብቀል ጊዜ ወሰደበት።

አሁን ከየት መጣ ነው። ቤንዚን ወደ ዘይቱ የሚገባበት መንገድ ብዙ አይደለም። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ወይም መርፌው ካልዘጋ ያጥለቀልቃል፣ በፒስተኑ ጎን ይወርዳል። ቾኩ (ለብርድ ጊዜ አየር የሚቀንሰው ክዳን) ተዘግቶ ቢቀርም እንዲሁ። አንድ ካንዴላ ካልሠራም ያልተቃጠለው ይወርዳል። ግን እነዚህ ሁሉ ጥቁር ጭስ፣ መንገጫገጭ፣ ጥቁር ካንዴላ ያሳዩህ ነበር። አንተ አንዱንም አላልክም።

እኔ የምጠረጥረው የቤንዚን ፖምፓውን ነው። ያንተ ባለ ካርቡራተር ስለሆነች ፖምፓዋ ኤሌክትሪክ አይደለም፣ ቴስታታው ላይ በፊት በኩል በሁለት ብሎን የታሰረው ነው። ካምሻፍቱ ፊት ላይ ያለ ሞላላ ብረት ሲዞር የፖምፓውን ክንድ ይገፋዋል፣ ክንዱ ደግሞ ፖምፓው ውስጥ ያለውን ዲያፍራም፣ ያን የጎማ ሽፋን፣ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ በዚህ ቤንዚን ይሳባል ይገፋል። የሽፋኑ አንድ ወገን ቤንዚን ነው፣ ሌላው ወገን ቴስታታው ውስጥ ካለው ዘይት ጋር ይገናኛል። ጎማው ሲያረጅና ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ ወደ ካርቡራተር መሄዱን ሳይተው ትንሽ ትንሹን ወደ ዘይቱ ይለቃል። መኪናው ይነዳል፣ ሰው አይጠረጥርም።

እና ድምፁን ተመልከት። የፖምፓው ክንድ ፒኑ ላይ ሲላላ ሞላላው ብረት በዞረ ቁጥር ይመታዋል። ካምሻፍቱ የሚዞረው በክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ነው፣ ቫልቮቹም በዚያው ፍጥነት ነው የሚመቱት። ስለዚህ ጆሮ አይለየውም፣ ቫልቭ ነው ብሎ ይምላል። አንተ ግን «ወደ ፊት በኩል ይጎላል» ብለሃል። ፖምፓው ያለው እዚያ ነው። ሲቀዘቅዝ ዘይቱ ወፍራም ስለሆነ ክንዱንም ሮከሮቹንም ያለሰልሳቸዋል፣ ሲሞቅ ግን ያ በቤንዚን የቀጠነው ዘይት ምኑን ይይዘዋል። 20/50 ለአንድ ሳምንት የረዳህም ለዚህ ነው፣ ቤንዚኑ እስኪያቀጥነው።

ባትሪውን አላቅ፣ ቱቦዎቹን ነቅለህ አፋቸውን ድፈን፣ ፖምፓውን አውጣ። ክንዱን ወደ ጎን ነቅንቀው። ከዚያ ክንዱን በእጅህ እየጫንክ ከክንዱ በኩል ቤንዚን ይወጣ እንደሆነ እይ። ክፍት ቤንዚን አካባቢ ሲጋራ የለም፣ መሸፈኛ የሌለው አምፖልም የለም።


የማታ ሾፌር፦

አሁን እኔም ዝም ብዬ እያነበብኩ ነው። ያ የሚያወፍረው ፈሳሽ ላይ ምን ትላላችሁ ታዲያ? ሁለት ዓመት ነድቻለሁ እኮ።


ጋሽ መፍቻ፦

ወፍራም ዘይት ጌጁን ከፍ ያደርጋል፣ እውነት ነው። ግን የሰፋውን ክፍተት አያጠብበውም፣ የተሰነጠቀውንም ጎማ አይሰፋውም። ጠዋት ደግሞ ያ ወፍራም ነገር ሮከሮቹ ጋ እስኪደርስ እነሱ በደረቁ ይፋተጋሉ። ሞተሩ እውነት አርጅቶ ቀን እየቆጠረ ከሆነ አልፈርድብህም፣ ለማስታመም ይሆናል። ምክንያቱን ሳያውቁ ማድረግ ነው የሚያናድደኝ።


አሮጌ ፒክአፕ (ከአምስት ቀን በኋላ)፦

አወጣሁት። ክንዱ በፒኑ ላይ እንደ ሕፃን ጥርስ ይወዛወዛል። ጫፉ፣ ሞላላው ብረት የሚነካው ቦታ፣ ተፈግፍጎ መስተዋት ሆኗል፣ አንድ ወገኑ ገባ ብሏል። ጨርቅ ላይ አስቀምጬ አምስት ስድስት ጊዜ ስጫነው ከክንዱ ሥር ቤንዚን ጨርቁ ላይ ወረደ። ቆሜ አየሁት። ሞተር ሊወርድ ነበር እኮ በዚህ ምክንያት።

አዲስ ፖምፓ ከነጓርኒሲዮኑ ገባ። የድሮውን ዘይት አወረድኩ። ሲወርድ ዘይት አይመስልም፣ እንደ ውኃ ነው የተንዠቀዠቀው፣ የወረደውም ከሞላሁት በልጦ ተገኘ። ፊልትሮውንም ቀየርኩ። አዲሱን ዘይት 20/50 ሳይሆን መጽሐፉ የሚለውን አደረግሁ። ከማስነሳቴ በፊት እሳት እንዳታገኝ ዋናውን የኮይል ገመድ ነቅዬ ጌጁ ላይ ግፊት እስካይ በሞተሪኖ (በማስነሻው ሞተር) ብቻ አዞርኳት፣ አዲሱ ፊልትሮ ባዶ ስለነበር።

አሁን ቁጥሩን ስሙ። በደንብ ሞቃ ሚኒሞ ላይ 15። 3000 ዙር ላይ 46።

ደግሜ ደጋግሜ ለካሁ። 15 እና 46።

ጠቅታው አብዛኛው ጠፋ። አብዛኛው ያልኩት አንድ ቀጭን ቲክ ስለቀረች ነው፣ ከኋላ በኩል። እና የድሮውን ፊልትሮ በመጋዝ ቆርጬ ወረቀቱን ዘርግቼ አየሁት፣ የሆነ ቦታ እንዲህ አድርጉ የሚል አንብቤ። በፀሐይ ላይ ሳዘነብለው ጥቂት የሚያብለጨልጩ ብናኞች አሉ፣ ስኳር መሰል። እሱ ነው አሁን እንቅልፍ የሚነሳኝ።


ሁለተኛ እጅ፦

ኧረ እንኳን ደስ ያለህ! ሞተሪኖ ላይ ማዞርህን ወደድኩት፣ ስንቱ ይሄን ይረሳል።


ጋሽ መፍቻ፦

15 እና 46 ለዚያ ዕድሜ ሞተር ጤና ነው። ብሮንዚናው አልቆ ቢሆን ዘይት በመቀየር እዚያ አይደርስም ነበር።

ብናኙን ማግኔት አስነካው። ማግኔቱ ከያዘው ብረት ነው፣ ከካቴናው ወይ ከሮከር ወይ ከዚያ ከተፈገፈገው የፖምፓ ክንድ ሊሆን ይችላል። ካልያዘው ቀለሙን እይ። ግራጫና ለስላሳ ከሆነ የብሮንዚናው የላይኛው ሽፋን ነው፣ ጥቂት ብናኝ እንዲህ ካለ ጉዳይ በኋላ አይገርምም። መዳብ የመሰለ ቀይ ካየህ ግን ሽፋኑ አልፎ ሥሩ ላይ ተደርሷል፣ ያኔ እናወራለን። እኔ ብሆን ይሄን አዲስ ዘይት 500 ኪሎ ሜትር ብቻ ነድቼ ከነፊልትሮው እለውጠውና እንደገና እቆርጠዋለሁ። የተረፈውን ቤንዚንም ያጥብልሃል።

ለቀረችው ቲክ አሁን ቫልቩን አስተካክል፣ በዚህ ሞተር የሚስተካከለው ሞቆ ነው። የኢንቴክ (የማስገቢያው) 0.20 ሚሊ ሜትር፣ የጭስ ማውጫው 0.30። ቁጥር 1 ሲሊንደር በኮምፕሬሽን (ሁለቱም ቫልቮቹ ተዘግተው) ከላይ ጫፍ ላይ ሲሆን የ1 እና የ2 ኢንቴክ፣ የ1 እና የ3 ጭስ ማውጫ። ክራንኩን አንድ ሙሉ ዙር አዙረህ የቀሩትን አራት። ቀጭኗ የመለኪያ ምላጭ ስትሳብ ትንሽ መያዝ አለባት፣ ቅቤ ውስጥ እንዳለ ቢላዋ ከተንሸራተተች ሰፍቷል። አታጥብቀው ብቻ። ትንሽ የሚሰማ ቫልቭ ዕድሜ አለው፣ ጨርሶ ጸጥ እንዲል ብለህ ያጠበብከው ቫልቭ ግን ሳይዘጋ ቀርቶ ይቃጠላል።


አሮጌ ፒክአፕ፦

ማግኔቱ አብዛኛውን ያዘው! የቀረው ግራጫ ነው፣ በጣም ጥቂት፣ ቀይ የለም።

ቫልቮቹን ለካሁ። ሰባቱ ደህና ናቸው ማለት ይቻላል፣ የ4ኛው ጭስ ማውጫ ግን 0.45 ሚሊ ሜትር ገባበት። ዳዶው ራሱ ላልቶ ነበር፣ በጣቴ ዞረ። 0.30 ላይ አሰርኩት። አሁን ሚኒሞ ላይ ቆሜ የምሰማው የፋኑን ንፋስ ነው፣ ትናንት ማታ ኮፈኑን ከፍቼ ዝም ብዬ ስሰማ ጎረቤቴ ምን ሆነህ ነው አለኝ።

አንባቢ ብቻ፣ አንተን በምን ላመስግንህ።


አንባቢ ብቻ፦

ምንም አይደል። እኔ እንዲሁ አፍንጫዬ ያስቸግረኛል።


የማታ ሾፌር፦

ጋሼ መፍቻ፣ አይሳቁብኝ። ይሄን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ እኔም ወርጄ የራሴን መለኪያ አውጥቼ አሸተትኩ። ቤንዚን አይሸትም። ግን የሆነ ጣፋጭ ነገር ይሸታል፣ ልክ ራዲያተር ውስጥ እንደሚጨመረው አረንጓዴ ፈሳሽ። ይሄ ጥሩ ነው?


ጋሽ መፍቻ፦

አዲስ ጥያቄ ክፈት። እስከዚያው ግን ቁልፉን ከመኪናው አውጥተህ ኪስህ ውስጥ ክተት።